ቆርኪ ያልከው የአባባ ናስ

ለወንድሜ ለታዴዎስ፦

እንዴት ከረምክ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየዋጠች ነው ወይ? ብርነሽና ልጅቷስ እንዴት ናቸው? ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ተቆጥታም ቢሆን ሰላምታ የማትዘልል እናት ስላሳደገችን ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ቆሽቴ አሯል። በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጎሳዬ ወደ ድሬ ሲመጣ ይህችን በእጁ አስይዤልሃለሁ። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ባለፈው ኮል ስታደርግልኝ ምን ነበር ያልከኝ? የአያታችን የአባባ ጀማነህ ናሶች ኢንተርኔት ላይ ተፈላጊ ሆነዋል፣ ፈረንጅ እየሰበሰባቸው ነው፣ እዚያ ገዢ ፈልጊልኝ አልከኝ። አንዲት አሮጊት ዘንድም አንድ አለ፣ ልገዛው ብል እምቢ አለች አልከኝ። እኔም ይሁን፣ የሱቁ ሳጥን ውስጥ ያሉት የቤታችን ናቸው ብዬ አለፍኩት። አሮጊቷን ምን እንዳልካት ግን አልነገርከኝም።

የነገረችኝ ኑራ ናት። ኢስተን ሆቴል ውስጥ አብራኝ አልጋ የምታነጥፍ የድሬ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ሰኞ አንሶላ እያጠፍን በሳቅ ታወራኛለች። እናቷ ከሟች አያቷ የቀረች መሃሏ የተበሳ ናስ ይዛ ቀፊራ ገበያ አንድ ሱቅ ብትሄድ፣ ባለሱቁ ገበያተኛ በሞላበት ቆርኪ ይዘሽ ጨው ትጠይቂያለሽ ወይ፣ ለስላሳ ቤት ሂጂ ብሎ አሳቀባት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያው ሰውዬ ናሷን ካልሸጥሽልኝ ብሎ ሰው ይልክባት ጀመር። ኑራ የምትስቀው ንዴቱ እንዳያንቃት ነው። የሱቁን ስም ስትጠራ የአንሶላው ጫፍ ከእጄ ወደቀ። ወንድሜ ነው አልኳት። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይ ነዶ! ቆርኪ? ቆርኪ ነው ያልከው ታዴ?

ሱቁን ስትወርስ ወሬውን አልወረስክም መሰለኝ፣ እንግዲህ ልድገምልህ። ጣሊያን ድሬን በያዘ ጊዜ ዝርዝር ከገበያ ጠፋ። ጠገራ ብር ለአንድ ጣሳ ጨው ይበዛል፣ የጣሊያኑን ወረቀት ደግሞ ሰው አያምነውም። አባባ ናስ አስቀጥቅጠው፣ መሃሉን አስበስተው፣ «ጀ» የምትል ፊደል አስመትተውበት በመልስ ፋንታ ይሰጡ ጀመር። ናሷን ያመጣ አንድ ጣሳ ጨው ይወስዳል። ከማን አገኘኸው አይባልም፣ ጊዜው አለፈ አይባልም፣ ጣሳውም ከነቁልሉ ይሰፈራል እንጂ አፋፉ በእጅ አይጠረግም። ጣሊያን ሄደ፣ መንግሥት ተለዋወጠ፣ ናሷ ግን አንዳንዴ ብቅ ማለቷን አልተወችም። በደርግ ጊዜ ጨው ጠፍቶ አባዬ ናስ ይዞ ለመጣ ሰው ከጓዳችን አውጥቶ አልሰፈረም? እኛስ ያን ሰሞን ጨው የሌለው ሽሮ አልበላንም? አይጣፍጥም ብለህ ስታለቅስ አባዬ ምን እንዳለህ ረሳኸው? የኛ ወጥ ይለፍ፣ የአባባ ቃል አይለፍ ነበር ያለህ።

የኑራ እናት ጨው አጥታ የመጣች መሰለህ? ልጇ ከዚህ ዶላር ትልክላታለች። የኑራ አያት ስትሞት፣ ያ ቤት ዛሬም ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ ሄደሽ እዪልኝ ብላት ነው። ሄደች፣ አየች።

አላወቅኩም ልትለኝ ነው። አውቃለሁ፣ አፍህ ላይ ነው ያለው። የአያትህን ፊደል ከገዛ ሱቅህ ሳጥን ሳይሆን ከስልክህ ላይ ነዋ ያወቅኸው! ሴትዮዋ በእጇ ስትይዘው ቆርኪ፣ ፈረንጅ ሲፈልገው ቅርስ። እርር ድብን ነው ያልኩት፤ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ኑራ በነገረችኝ በነጋታው እዚሁ ዋይትሆል ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ ጨው ገዝቼ፣ በጣሳ ቆልዬ ለኑራ ይዤላት ሄድኩ። አልተቀበለችኝም። ጨውማ አሜሪካም ሞልቷል እህቴ፣ የእናቴ ግን ከዚያው ሱቅ ነው የሚወጣው አለችኝ። ጣሳው እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ነው። ልጄ ብሩክታዊት አይታው በእንግሊዝኛዋ፣ ለጨው ነው እንዲህ የምትሆኚው ትለኛለች። እሷ ኮሎምበስ ተወልዳ ነው፣ አልፈርድባትም። ቀፊራ፣ እዚያው ባንኮኒ ሥር ያደግከው አንተ ነህ።

ስለዚህ ስማኝ። ገዢ አልፈልግልህም። ሳጥን ውስጥ ካሉት አንዷን ብትሸጥ እህት የለኝም በል። ሰው መላክህን ተውና ራስህ ጣሳውን ተሸክመህ መጋላ ሂድ። ገበያተኛው ፊት እንዳዋረድካት፣ ጎረቤቶቿ ፊት ይቅርታ በላት። ናሷን እንዳትጠይቃት፤ ከሰጠችህ በሁለት እጅህ ተቀበል፣ ካልሰጠችህ ጨዉን ትተህላት ተመለስ። ይህ የሚከብድህ ከሆነ ከበሩ በላይ ያለውን የአባባን ስም አውርድና ቆርኪ ቤት ብለህ ጻፍበት።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት፣ አትችለውም። ብርነሽን ስለ በርበሬው አመሰግናለሁ በልልኝ፣ እጇ ይባረክ። ልጅህን ሔርሞንዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ መጋላ ስትሄድም ይዘሃት ሂድ፣ ሱቁ ነገ የሷ ነው።

ላንተ ሰላምታ አልላክሁም። ያንተ የኑራ እናት ዘንድ ነው፤ ጣሳህን ከነቁልሉ ይዘህ ሂድና ተቀበል።

እህትህ ፀሐይወርቅ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.