መስኮታችን አምሯል፣ ዓሦችህ ግን ቦታ ጠቧቸዋል

ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሙሉብርሃን፣ ጅቡቲ

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ አንድ የዋሸሁህ ነገር አለ። ከእሱ በፊት ግን ጤናህ እንዴት ነው? የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ራስ ምታቱስ ተወህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይ? እኛ፣ እማዬም ታናሻችን አበዛሽም ላሟም ሳትቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት የባሕር ዓሦችህ ናቸው።

ባለፈው በስልክ ትልቁ የዓሣ ገንዳ ተሠራ ወይ ስትለኝ አዎ ያልኩህ ውሸት ነው። እማዬ የስልኩን ድምፅ ለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው፣ የዕድር ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን ጥለው ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልተሠራበትን ምክንያት ከማስረዳ አዎ ማለት ቀለለኝ። አንተም ደስ ብሎህ፣ እንግዲያው ሹፌሩ ሀምዛ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ አራት ዓሣ ጨምሬ እልክልሻለሁ አልክ። እነዚያን አራቱን የት አኖራቸዋለሁ?

አሁን እንኳ ቴሌቪዥን በምታክለዋ ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ሆነዋል። አንዱ ሲዞር ሌላውን ይገፋል፤ የቅዳሜ ገበያ በላቸው። ቢጫው ደግሞ ጥጉን ይዞ ያለፈ ያገደመውን ይነክሳል፤ እማዬ ሊቀመንበሩ ትለዋለች። የትንሿን ብርቱካናማ ጭራ ግማሹን ቆርጦባት፣ ለብቻዋ በትልቁ የማር ጠርሙስ አኑሬያታለሁ። መብራት ሲጠፋ አየር እንዲያገኙ የሣጥኑን ውኃ በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሳለሁ፤ መብራቱ እስኪመጣ ክንዴ ይዝላል።

የላክኸው የባሕር ጨውም እየጎደለ ነው። እማዬ፣ ጨው ለከብት እንጂ ለዓሣ ማን ሰጥቶ ያውቃል ብላ ለላሟ አቀመሰቻት። ላሟ አሁን ከግጦሽ ስትመለስ በቀጥታ ዓሦቹ ወዳሉበት መስኮት መጥታ መስታወቱን ትልሳለች።

ሰፈሩ ሁሉ ገንዳ መራጭ ሆኗል። እማዬ በርሜሉ ይበቃል አለች፤ በርሜል ግን በጨው ይዝጋል፣ ደግሞስ ማን ሊያያቸው? ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ የቤተ ክርስቲያናችን ማጥመቂያ ገንዳ ሰፊ ነው፣ ለሽማግሌዎች ላመልክት አሉ። አበዛሽ የተዘጋውን ዳቦ ቤት የመስታወት ሣጥን መረጠች፤ ዳቦ ሲቀመጥበት የሚንቀጠቀጥ ነገር ውኃ ይችላል? እኔ አንተ የጻፍክልኝን ልክ መርጫለሁ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወርዱና ቁመቱ ሃምሳ ሃምሳ፣ መስታወቱ ወፍራም፣ ባለ አሥር ሚሊ።

ችግሩ መናገሩ ነው። መስታወት ቆራጩን ጋሽ አሞጽን ታውቃቸዋለህ፤ ሰው ሳይጨርስ ይጨርሱለታል። በመጀመሪያው ቀን ገና በራቸው ላይ ስቆም፣ የመስኮት ነው አይደል የኔ ልጅ አሉኝ። ትልቅ ሰው ተሳስተዋል ይባላል? አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የመስኮት መስታወት ተሸክሜ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን፣ ውይ ያኛውም ተሰበረ ብለው አዝነው ሌላ ቆረጡልኝ። በሦስተኛው ልኩን በወረቀት ገልብጬ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው በጀርባው የሰው ስልክ ቁጥር ጻፉበትና፣ ልጃገረድ የሚያስፈልጋትን እኔ አላጣውም ብለው የፊት መስታወት መርቀው ሰጡኝ። አሁን ከሰፈሩ መስኮቱ ያማረ የእኛ ቤት ነው። ጋሽ በዛብህ፣ ሠርግ አለባችሁ እንዴ ይሉናል።

ዛሬ ጠዋት ያን የፊት መስታወት ሳላስበው ከማር ጠርሙሱ አጠገብ አቆምኩት። ትንሿ የራሷን መልክ ስታይ ሌላ ዓሣ መስሏት፣ በዚያች ግማሽ ጭራዋ ልትጣላ ተወረወረች። አፈርኩ። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እያልኩ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እሷ ግን ሙሉ ጭራ ሳይኖራት አልፈራችም።

እማዬ ስለ ጨው ለምን ነገርሽው እንዳትለኝ አደራ፤ ግንባርህን ስማሃለች። አበዛሽ ጫማ ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ሆኗል በይው ብላለች። ጋሽ በዛብህ በጸሎት አስቤሃለሁ ይላሉ። ላሟም መስኮቱ ላይ ሆና እያየችኝ ነው።

ነገ ጠዋት ጋሽ አሞጽ ሱቃቸውን ሲከፍቱ በር ላይ እገኛለሁ። ጠርሙሱን ከነዓሣዋ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥና፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጋሽ አሞጽ የመስኮት አይደለም እላለሁ።

እህትህ ኮከብ
ቦንጋ