ጀርባዬን የሰጠሁት ወንዝ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ያ ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ አሁንም ጉንጭሽን ይዘሽ ትዞሪያለሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? አጎታችን ሬዲዮኑን መሳደብ ተወ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ከተባለ።

የልብስ ስፌት ሥራሽን ለቀሽ እኔ ዘንድ ልትመጪ መሆኑን ስትጽፊልኝ ክው አልኩ። «አንቺ በምትስይው አገር መኖር ነው የምፈልገው» ብለሻል። እዚያ አገርማ እኔም ኖሬ አላውቅ!

ስሚኝ እስቲ። እሑድ እሑድ የውሃ ቀለሜንና ብሩሼን ይዤ የምስለውን ፍለጋ በእግሬ እዞራለሁ። ሦስት ሰዓት ብሄድ ዓይን የሚያሳርፍ ነገር የማገኘው አንድ ቢሆን ነው፤ የአጥር ላይ አበባ፣ አለዚያ የታጠበ መስኮት። ስዬ የላክሁላችሁና እማዬ ሳሎን የሰቀለችው ዛፍ ያለው ከምሠራበት ቆዳ ፋብሪካ ጀርባ ነው። ወንዙ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ለወንዙ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አፍንጫዬን አክስታችን በሰጠችኝ ሻርፕ አስሬ ነው የሳልኩት። «እንዴት ያለ አየር ነው!» ብለሽ ስትጽፊልኝ አፈርኩ፤ ስለ ወንዙ ግን አልጻፍኩልሽም።

ባለፈው እሑድ ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ እዚያው ሄድኩና ዞር አልኩ። ኤጭ! ከላይ አረንጓዴ አረፋ፣ ከሥር ጥቁር አተላ። ዳር ዳሩን ከቆዳ የተፋቀ ጸጉርና ስብ ተጋግሮበታል፤ ዝንቡማ አይጣል ነው። ያንን ስብ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምፍቀው እኔ ነኝ። ስንት ሳሙና ጨረስኩ፣ እጄ አሁንም ይገማል፤ የምጎርሰው በማንኪያ ነው። አለቃችን በሽቶ ተነክሮ ይመጣና «ትለምዱታላችሁ» ይለናል። እሱን ስጸየፍ ኖሬ፣ ያን ቀን ራሴን ተጸየፍኩ። እሱ በሽቶ፣ እኔ በቀለም፤ ምን ለየን?

ከቤት የያዝኩትን ንጹሕ ውሃ ደፋሁት። ብሩሼን እዚያው ወንዝ ውስጥ እየነከርኩ ወንዙን ሳልኩት። ቀለም እንኳ ብዙ አልፈጀብኝም።

ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከደረቀም በኋላ ስለሚሸት በሁለት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ ደጅ ወጥተሽ ክፈቺው። ነይም አትምጪም አልልሽም። ከዛፉ ጎን ስቀይውና ሳምንት ሙሉ ምሳሽን ከሥሩ ብዪ። ሽታውን ከቻልሽው ነይ፤ አልጋዬን እለቅልሻለሁ።

አጎታችንን ሰላም በዪልኝ፤ ሬዲዮኑንም ጭምር። ለአክስታችን ሻርፗ ባለውለታዬ ነው በያት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ምንድን ነው የሚሸተው ካለችሽ፣ የልጅሽ እጅ ነው በያት።

እህትሽ
ከፋብሪካው ሴቶች መኝታ ክፍል፣ ጥቅምት 12 ቀን