ከፍ ያለው ሜዳ

ማክሰኞ ተጀምሮ ሐሙስ ያለቀ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ አባትህ «መሐንዲሱ» ለሚልህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ አለን። የአባትህ ጉልበት ዝናቡ ካባራ ወዲህ ሻል ብሎታል። አውቶቡስ ሲነዳ እንደለመደው ዛሬም በጠዋት ይነሳና፣ የሚሄድበት ስለሌለው ጫማውን አስሮ ይቀመጣል። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃለህ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ታለቅሳለህ፤ ስታለቅስ ደግሞ የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ስትደውል «እማ፣ ሚጢ በዚያ ጎርፍ ወደ ሜዳው ምን ልታደርግ ሄደች? ማነው ሂጂ ያላት?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ እንጃ ልጄ አልኩህ። ያን ጊዜ እውነትም አላውቅም ነበር።

የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ እህትህ አብራት ትሠራ የነበረችው። ውሃው ከላይኛው ድልድይ ገንፍሎ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ጣራው ላይ እንውጣ ስትላት፣ ሚጢ ቆይ ብላ ላንተ ደወለች። ለእኔ አልደወለችም፣ ለአባቷም አልደወለችም። ባሕር ማዶ ላለኸው ላንተ ደወለች። አልፈርድባትም። ከተማ ለሚገነቡበት ለዚያ የኮምፒውተር ጨዋታ አንተ የሰፈራችንን መሬት በካርታ ስትሠራ፣ ስልኳን ይዛ በየዳገቱ እየዞረች ከፍታውን ለክታ የላከችልህ እሷ ናት። ልጅ ሳላችሁም አንተ ግቢውን ቆፍረህ ውሃ ስታስኬድ ባልዲ የምታቀብልህ እሷ ነበረች። «ወንድሜ እዚያ ቁጭ ብሎ የኛን ደጅ ከኛ ይበልጥ ያውቀዋል» እያለች ትስቅ ነበር።

ዝናቡ ስለሚጮህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ነበርና ልብስ ሰፊዋ የመለስክላትን በጆሮዋ ሰምታለች።

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ከሁሉም ከፍ ያለ ነው። እዚያ ሂጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ይዛ ለመነቻት። ሚጢም «እትዬ፣ እሱ ከኛ ይበልጥ ያውቃል። መሬቱን የሠራው እሱ ነው» አለቻትና ወጣች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ደረጃው ሥር ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። ያንተን ጨዋታ እሱም ይጫወተዋል። ካርታውን ክፈትልኝ ስለው ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ቤት የለበትም፤ ቤቱን የሚሠራው የሚጫወተው ሰው ነው አለኝ። እኔ ግን መሬቱን ገና ሳየው አወቅኩት። ጎበዝ ነህ ልጄ። ደጃችን ላይ እግር የምትመታዋን ጉብታ እንኳ አልረሳህም። ሜዳው ብቻ እንደ መደብ ከፍ ብሎ ቆሟል። ይሄ ቦታ ጎድጓዳ አይደለም እንዴ፣ ሰሃን አይደለም እንዴ የምንለው፣ አልኩት። ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ነገር ዳገትና ቁልቁለት ሆነብን፣ ከተማ የምንጀምርበት ደልዳላ ቦታ ስጠን ብለው አማርረውብህ፣ አንተም ጎድጓዳውን ሞልተህ ከፍ አድርገህላቸዋል አለኝ። ካርታ የሚሠራ ሰው እዚህ ይሞላል፣ እዚያ ይቆርጣል፤ ሲቆይ የገዛ እጁን ሥራ ከተፈጥሮው መለየት ያቅተዋል አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ውሃውን እንደ ጎርፍ ልቀቀው አልኩት። ይቅርብዎ እማማ አለኝ። ልቀቀው አልኩት። ከድልድዩ በኩል ለቀቀው። ሱቁ ያለበት ሰጠመ፣ የኛም ደጅ ሰጠመ። ሜዳው ደረቅ ነበር። ባንተ ካርታ ላይ እህትህ አልሞተችም።

ያየሁት አሮጌውን ካርታ ኖሯል። ጠጋኙ አዲስም አለ አለኝ፣ በቀብሯ ሳምንት ያወጣኸው። ከሥሩ «ማስተካከያ፦ ሜዳው ወደ ትክክለኛው ከፍታ ተመልሷል» ብለህበታል። ሰዎችም አሁን ገና እውነተኛ ሆነ ብለው አመስግነውሃል። በዚህኛውም ውሃውን አስለቀቅኩት። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ጠጋኙ እጁን ዘርግቶ የኮምፒውተሩን መስታወት ከለለብኝ፤ እኔ ግን አይቼ ጨርሼ ነበር።

እንግዲህ ማነው ሂጂ ያላት ብለህ ስታለቅስብኝ፣ ሜዳውን ዝቅ አድርገህ ጨርሰህ ነበር።

አባትህ ልብስ ሰፊዋ ላይ ቂም ይዟል። ራሷ ጣራ ላይ ወጥታ ልጄን ለውሃ ሰጠቻት ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል፤ ደንበኞቿም ሸሽተዋታል። ትናንት በሯ ላይ ቆሞ «ልጄን የት ጣልሻት?» አላት። መቀሷን አንስታ ጨርቋን መቁረጥ ቀጠለች። ምነው አትነግሪውም ብላት፣ «እማማ፣ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ አንዱ እንኳ ይትረፍለት» አለችኝ። ባዳ ናት ይህን የምትለው። ያንተን ሸክም ተሸክማ በደጄ ስታልፍ አያታለሁ።

እመጣለሁ ብለሃል። አሁን ና አልልህም። መጀመሪያ ለአባትህ ደውለህ ንገረው። እሑድ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ ያንተን ድምፅ ሲጠብቅ። እኔ አልነግርልህም። ሊረግምህ ይችላል። ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘግቶ፣ ስምህን በዚህ ቤት ዳግመኛ ላያነሳ ይችላል። ያን ሁሉ አስበህ ደውል። ከደወልክ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ካልደወልክ ግን እዚያው ሁን።

ደግሞስ ካርታውን አስተካክል ያለህ ማን ነው? እውነቱ ለአባትህ ነው የሚገባው፣ ለጨዋታው አይደለም። ሜዳውን መልሰህ ከፍ አድርገው። ከበፊቱም አስበልጠህ ሙላው፤ የሚስቅብህ ይሳቅብህ። ጠጋኙን አሮጌውን እንዳያጠፋው አስምዬዋለሁ። አንዳንድ ቀን እሄድና ውሃውን አስለቅቄ፣ ደረቁን ቦታ እያየሁ እቀመጣለሁ። ውሃው ያልደረሰባት እዚያ ብቻ ነው።

አንዲት የምሕረት ቃል ልጽፍልህ ብዬ ነበር ማክሰኞ ወረቀቱን ያወጣሁት። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አልወጣችልኝም።

የምትቆምበት መሬት አይክዳህ። የሚያምንህ ሰው አትጣ፣ ያመነህም አይጥፋብህ። ብርዱ እዚያ ይከፋል ይላሉ፤ ደርበህ ልበስ።

የሁለታችሁም እናት