በቀይ ነጥቦች የተነሳ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ዛሬም ተጨቃጨቅን። መምህር ጋሻው የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ይመርምሩ ባይ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን በታች ያለው ምንጭ ለምን በየበጋው ይደርቃል? እኔ ደግሞ ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው ያምጡት አልኩ። "እኛ ከጠየቅንላቸው እነሱ ምን ሊሠሩ ነው?" ስለው ሳቀ። በመጨረሻ ተስማማን። ምንጩን እናሳያቸዋለን፣ ጥያቄው የእነሱ ይሆናል።

መስከረምና ጥቅምት ዝናብና ውሃ መለካት። ኅዳር ሽማግሌዎችን መጠየቅ። ከጥር በኋላ እርከን። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ልጆቹ ያውቁታል።

ካርታውን እኔ ሣልኩት። ምንጩ፣ የእግር መንገዶቹ፣ ዝናብ የምንለካባቸው ቦታዎች በቀይ ነጥብ። አማረልኝ። ለሙከራ ምንጩ አጠገብ አንድ ጣሳ አስቀመጥን። ነገ ጋሻው ደባት ከተማ ወርዶ ካርታውን ኮፒ ያስደርጋል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ። በደባት መንገድ በኩል። በሩን ዘግቼ ግድግዳው ሥር ተኛሁ። ጥይት የጎረቤቴን ቆርቆሮ በሳው። ጋሻው ማልዶ እንደወጣ አውቃለሁ፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከሰዓት ጋብ ሲል ሚስቱ ብርቄ መጣች። ነጠላዋ ጭቃ ላይ ይጎተታል።

"ያዙት" አለች።

"በምን?"

"በወረቀት። ሰላይ ነህ አሉት።"

ታጣቂዎች መንገድ ላይ ፈትሸው ካርታዬን አገኙ። ቀይ ነጥቦቹ የሚመታ ቦታ ምልክት መሰሏቸው። በሰደፍ ሲደበድቡት ያዩ ሰዎች ነግረዋታል። የሣልኩት እኔ፣ የሚደበደበው እሱ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

የሰፈራችንን ቄስ፣ ቄስ አላምረውን ይዘን ታጣቂዎቹ ዘንድ ሄድን። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔና ብርቄ ከኋላ። መንገዱ ዳር በጥይት የተመታ በቅሎ ወድቋል። ጭነቱን እንኳ ያወረደለት የለም።

ጋሻው አንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር። እጆቹ የፊጥኝ ታስረዋል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ከጆሮው የወረደው ደም አንገቱ ላይ ደርቋል። መሪያቸው ገና ወጣት ነው፤ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ካርታውን ፊቴ ዘረጋው።

"ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?"

"ዝናብ የምንለካበት። ጣሳ እናስቀምጥበታለን።"

"ለማን?"

"ለልጆች። የሚለኩት ልጆቹ ናቸው።"

"ልጅ ዝናብ ለክቶ ምን ይሠራለታል?" አለና ጋሻውን ክንዱ ላይ በሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እንደ ደረቅ እንጨት ነው። ብርቄ ጮኸች። እኔ ካርታውን ከእጁ ነጠቅኩት። "የሣልኩት እኔ ነኝ! እኔን ምታ!"

መታኝ። አፌ በደም ሞላ። ጠመንጃ ቢኖረኝ እገድለው ነበር። አሁንም ሳስበው እገድለዋለሁ።

ቄስ አላምረው መሃል ገቡ። "ልጄ፣ ሰው ልከህ ምንጩን አስፈትሽ። ጣሳ ከሌለ እኔንም ከነሱ ጋር ግደለኝ" አሉት። አንዱን ላከ። እኛ መሬት ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ብርቄ የባሏን ደም በነጠላዋ ጠርዝ ትጠርጋለች፤ ማንም አልከለከላትም።

የተላከው ተመለሰ። "አለ። ውሃ ሞልቶበታል።"

መሪው ካርታውን ከእጄ ነጠቀ። ቀዳዶ ጭቃው ውስጥ ረገጠው። "ውሰዱት" አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ወጌሻው ክንዱን ጎትቶ ሲያስር እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሻው ፎጣ ነክሶ ነበር፤ ፎጣው ተቀደደ። ግራ ጆሮው አይሰማም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት ይሉናል፤ መንገዱ ዝግ ነው።

"የምንጩ ነገር ይቅር" አልኩት። "ልጆቹ መጽሐፉን ያንብቡ፣ ይፈተኑ፣ ይለፉ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይስማ አይስማ አላወቅኩም። መንጋጋዬ እምቢ ስላለኝ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። ርዕሰ መምህሩ ነገ ምዝገባ አይቀርም ብሎ ልኮብኛል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። መጡ።

አንድ አባት ልጁን እንደያዘ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። "ቲቸር፣ ማንበብና መጻፍ ብቻ አስተምሪልኝ። መጠየቁ ይቅርባት። ሰው ያስገድላል።" ያበጠ አፌን እያየ ነው የሚናገረው። እሺ ልለው ነበር።

ጋሻው በሩ ላይ ቆሟል። ክንዱ ደረቱ ላይ ታስሯል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ብርቄ በጎን ደግፋዋለች። ክፍሉን የሞሉት ወላጆችና ልጆች ዞረው አዩት። ልጅቷ ወደ እሱ ዞራ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያምዎታል?"

አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ ታች ጎተተው። ጋሻው የሚሰማውን ጆሮ አዞረላትና "ምን አልሽ? ድገሚው" አላት። ደገመችው።

"አዎ፣ በጣም ያመኛል" አላት። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ሁሉንም አያቸው። "ሌላ ጥያቄ ያለው?"

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ከኋላ በኩል ሌላ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

አባትየው የልጁን ክንድ ለቀቀ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ስሟን ነገረኝ፤ "ስድስተኛ ክፍል" አለኝ። ጻፍኩት። ሲነግረኝ ግን ዓይኑ በበሩ ከሚታየው መንገድ ላይ አልተነሣም።