ብቻውን የማይሠራ ክኒን

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት። ይህን የምልሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ እውነትም ደህና ናት።

ደረጃው ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ሲሰበር፣ ሐኪሙ አጥንቷ መሳሳቱን እንደነገረን ጽፌልሽ ነበር። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አዘዘላት። ካልሲየሙ ብቻውን ብዙም አይረዳም፣ ሰውነት እንዲቀበለው የሚያደርገው ቫይታሚኑ ነው ብሎ አስረዳን። ያልጻፍኩልሽ ተስፋ መቁረጧን ነው። ጀሶው ከተፈታ በኋላም መቀስ መጨበጥ ፈራች። የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው፤ ክኒኖቹንም የክር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ስለምናት፣ "ያረጀ አጥንት በክኒን አይጠገንም" ትለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጋሼ ፍሬን መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው የአውቶቡስ ሹፌር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ አንድ እግራቸው አጥሯል። የሱሪያቸውን አንድ እግር እንድታሳጥርላቸው ነበር አመጣጣቸው። እማዬ መስፋት ትቻለሁ አለቻቸው። እሳቸውም፣ "እኔም ክኒን መዋጥ ትቻለሁ" አሉ። ለካ የታዘዘላቸው የእሷው ዓይነት ኖሯል። ተቆጣች። "በዚህ ዕድሜዎ እንደ ሕፃን መድኃኒት ይደብቃሉ?" አለቻቸው። ጋሼ ፍሬን ገርበብ ወዳለው መሳቢያ ዓይናቸውን ጣል አድርገው፣ "እርስዎ ከዋጡ እኔም እውጣለሁ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቁርስ እንደተበላ በዚያ እግራቸው ደረጃውን ይወጣሉ። እማዬ ውሃ ትቀዳለች፤ አብረው ይውጣሉ፤ ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ፀሐይ ላይ ይመላለሳሉ። እሷ ሲታክታት እሳቸው ይቀልዳሉ፤ እሳቸው ሲለግሙ እሷ ትቆጣለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንዲህ ያለ ብርታት ከጎልማሳም አላየሁ።

ሰሞኑን ሦስታችንም ለምርመራ ሄድን። ሐኪሙ፣ መሳሳቱ ቆሟል፣ እንዲያውም አጥንትዎ ትንሽ ጠንክሯል አላት። ነርሷ ጋሼ ፍሬንን አይታ፣ "ባለቤትዎ እንዲህ ከጎንዎ መሆናቸው ነው የረዳዎት" ስትላት፣ እማዬ ሻሿን አስተካከለች እንጂ አላረመቻትም። ስንመለስ ደግሞ፣ "አንተ፣ ቀስ በል" ስትላቸው ሰማሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተመልሷል። አሁን ነጣ ያለ ቀሚስ እየሰፋች ነው፤ ለራሷ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የዓመት ፈቃድሽ መቼ እንደሆነ ግን እንድጠይቅላት ነግራኛለች።

ደህና ሁኚልኝ። ፈጣሪ በሰላም አምጥቶ ይህችን በራችንን ለማንኳኳት ያብቃሽ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ