ዋናውን ቢሮ አልፌ ሱሉልታ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለሉቃስ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህንስ ተሻለህ? ሱቁ፣ ሥራው፣ እዚያ ያሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እናንተ ጋ ብርዱ ወጥቷል አሉ፤ እንኳን በሰላም አሻገራችሁ። እዚህ ሰበታ እኔ፣ አክስታችን ሚርያምና ልጇ ትህትና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታመህ ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ እስኪሻልህ አጥፈህ አስቀምጠው፤ የታመመ ሰው ላይ መቆጣት አልፈልግም። ደህና ከሆንክ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ባለፈው ስደውልልህ መጀመሪያ ሳቅህ፣ ቀጥለህ አመስግኚኝ እንጂ አልከኝ፣ ከዚያ ደንበኛ መጣ ብለህ ዘጋህብኝ። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልህን ያን ሁሉ መልእክት በአንድ የአውራ ጣት ምልክት መለስክልኝ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። ወንድም አዶናይ እረፍቱን ጨርሶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመለስ በእጁ ያደርስልኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። የሂሳብ ሠልጣኝ አድርጎ የተቀበለኝ የኦዲት ድርጅት ምርጫ ሰጥቶኝ ነበር፤ የሥልጠናውን ሁለት ዓመት ሜክሲኮ ባለው ዋናው ቢሮ ላሳልፍ ወይስ እነሱ «ክልል» ከሚሏቸው ቢሮዎች በአንዱ። ክልል ሲሉ ስንቅ ተቋጥሮ የሚኬድበት አይምሰልህ፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ገብተህ ትንሽ ብታንቀላፋ ትደርሳለህ። ግን ክልል ሲሉ አፋቸውን እንዴት እንደሚያጣምሙት ብታይ!

ዋናውንም የሰበታውንም ሄጄ አይቼ ነው የመረጥኩት። ዋናው ቢሮ፣ አልዋሽህም፣ ያምራል፤ ሊፍት አለው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ስሙም ሲቪ ላይ ሲጻፍ ግርማ አለው። እዚያ ያገኘኋት ሠልጣኝ ግን ከገባች ጀምሮ የባንክ ሂሳብ ከማስታረቅ በቀር ሌላ ሥራ ነክታ አታውቅም። ስለ ግብሩ ስጠይቃት ሌላ ክፍል ነው አለችኝ፤ ስለ ንብረት ቆጠራው ስጠይቃት እሱም ሌላ ክፍል ነው። ሰበታ ግን ኃላፊው ኦቦ ያደታ ሠልጣኙን ይዘው ፋብሪካ ይገባሉ፤ መጋዘን ያስቆጥሩታል፣ ደረሰኝ ያስመረምሩታል፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርቱን ራሱ እንዲጽፍ ያደርጉታል። ቃለ መጠይቁ ላይ አፋን ኦሮሞ ደንዴሳ፣ ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ጢቆ ጢቆ፣ ትንሽ ትንሽ አልኳቸው። ሳቁና ለመጋዘን ጠባቂው ጢቆ ይበቃል፣ ሌላውን ሥራው ያስተምርሻል አሉኝ። ከገበያና ከታክሲ የለቃቀምኳት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለች። ደስ ብሎኝ ሰበታን መረጥኩ።

አንተ ምን አደረግህ? ሳትጠይቀኝ፣ ዋናው ቢሮ የሰው ኃይል ክፍል ለሚሠራው ለትምህርት ቤት ጓደኛህ ለእውነቱ ደወልክለት። እህቴ ሐሳቧን ቀይራለችና እናንተው ጋ አስቀራት አልከው። እሱም ስሙ እውነቱ ሆኖ ሳያፍር፣ እኔ ራሴ የለመንኩት አስመስሎ ለአለቆቹ ነገረ። ሰኞ ጠዋት ለብሼ አምሬ ሰበታ ቢሮ ስደርስ ኦቦ ያደታ ግራ ገባቸው። ልጄ፣ ትታችሁ ዋናው ቢሮ ገብታለች አሉን እኮ፣ ሌላ ልጅ ተቀበልን አሉኝ። ከዚያ ደግሞ እንዳይከፋኝ ብለው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ሉቃስ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አስመሰልከኝ።

ክልል ውስጥ ተቀብረሽ ልትቀሪ ነው ወይ አልከኝ። ማን ቀበረኝ? ለመሆኑ ስለ ሥራዬ ምን ታውቃለህ? የላክልኝን ጫማ እንኳ ቁጥሩን ስተኸዋል። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልክድም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን አስተማርኳት ብለህ በእኔ አፍ መናገርን ማን ፈቀደልህ?

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ለእማ መንገርህ ነው። እሷም ምስኪን እዚያ አገር ቤት እሁድ ጉባኤ ላይ ተነስታ፣ ልጄ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ገባች ብላ ምስጋና አቀረበች። ምእመኑ ሁሉ እልል አለላት። እኔ አልገባሁም ብል እናቴን በቤተ ክርስቲያን ፊት ዋሾ ላደርጋት ነው። ይህን ለአንድ አፍታ አስበኸዋል?

ሰበታ ቢሮ ባፈርኩ በማግስቱ ሜክሲኮ ሄድኩ። እውነቱ ደረጃው ላይ ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ምሳ ልጋብዝሽ አለኝ። ብቻህን ብላ አልኩትና የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። ሐሳቤን እንዳልቀየርኩ፣ የቀየረልኝ ወንድሜ እንደሆነ ነገርኳት። ሰበታ ሞልቷል፣ ቡራዩም ሞልቷል፣ የቀረው ማንም ያልፈለገው ሱሉልታ ነው፣ እዚያ ከምትሄጂ እዚሁ ሁኚ አለችኝ። እሱን ስጡኝ አልኳት። ግማሹ በንዴት ነው፤ አልደብቅህም። አክስቴ ሚርያም ስትሰማ ልጅቷ ለየላት አለች።

አሁን ኑሮዬን ልንገርህ። ገና ሳይነጋ ከሰበታ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ሜክሲኮ ወርጄ በዋናው ቢሮ በር ፊት ለፊት አልፌ የአዲሱ ገበያን ታክሲ እሰለፋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ይዤ ዳገቱን ወጥቼ ሱሉልታ እገባለሁ። ያንን ባለ ሊፍት ሕንፃ ጠዋትም ማታም አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር እረግምሃለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ቢሮው ከመድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አለቃዬን ሁሉም ሙሉዬ ነው የሚላት፤ ቁጣዋ ከኔ ይብሳል። በገባሁ በማግስቱ ውኃ የሚያሽግ ፋብሪካ ይዛኝ ሄዳ የጠርሙስ ክዳን ካርቶን ስታስቆጥረኝ ዋለች፤ ከዚያ ከግዢው ደረሰኝ ጋር አመሳክሪ አለችኝ። አልገጠመም። ለምን እንዳልገጠመ ፈልጊ ብላ ጥላኝ ወጣች። ፈልጌ አገኘሁት። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ግን እንድትናደድ ነግሬሃለሁ።

ለእማ ራሴ ደወልኩላት። ዋናው ቢሮ አይደለሁም፣ ሱሉልታ ነኝ አልኳት። ሱሉልታ ብርድ ነው ይላሉ፣ ጋቢ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያቀረብሽው ምስጋናስ ስላት፣ እሁድ ተነስቼ አስተካክላለሁ፣ የሱሉልታውም እግዚአብሔር ያው ነው አለች። አስተካከለችም፤ ማንም አልሳቀባትም። ቀጥላ ግን፣ ሉቃስማ ጆሃንስበርግን ያህል ትልቅ ከተማ ለምዶ ነው እንዲህ ያደረገሽ፣ አትቀየሚው አለችኝ። እዚህ ላይ ምላሴን ነከስኩ።

ወንድም አዶናይ ነግሮኛል፣ ሉቃስ። ሊያማህ ብሎ አይደለም፤ ሱቁ ከመኖሪያው ይርቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው በየዋህነት ነገረኝ። ጆሃንስበርግ ኖረህ አታውቅም። ያለኸው ስሟን ደጋግሞ ቢነግረኝም መያዝ ያቃተኝ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ሱቅ አለችህ፣ እዚያው ከመደርደሪያው ኋላ ትተኛለህ። የምትልክልን የረጃጅም ሕንፃዎች ፎቶ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ የምታነሳው ነው።

ያን ቀን አለቀስኩ። ስጨርስ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ተናደድኩብህ። እኔን ያስተማረችኝ ያቺ የቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ ምኗ ነው የሚያሳፍርህ? አንተ በከተማህ ስላፈርክ እኔ ሜክሲኮ ሕንፃ ውስጥ መታየት አለብኝ? ከክልል ልታድነኝ የተሯሯጥከው ለምን እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ይቅር ግን ገና አላልኩህም።

አክስቴ ሚርያም በጣም ናፍቀኸኛል፣ እሷ ብትቆጣም አንተ ደውል ብላለች። ትህትና ጉንጭህን ስማለች። ጎረቤትህን ወንዲን፣ አብረውህ የሚያመልኩትንም ሁሉ በጌታ ስም ሰላም በልልኝ። ለእውነቱ ሰላምታ የለኝም።

መልስ ስትጽፍልኝ ያለህበትን ከተማ ስም ከግርጌው አስፍርልኝ፤ ቢከብድም ፊደል በፊደል አንብቤ ለእማ እነግራታለሁ። ማታ ማታ ተንበርክካ፣ ጌታ ሆይ ጆሃንስበርግ ያለውን ልጄን ጠብቅልኝ እያለች ነው የምትጸልየው፤ እዚያ ደግሞ አንተ የለህም።

እህትህ ጣቢታ

ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.