የጎሬ መውጫው ቤት

ኅዳር 4
ከምሠራበት ፋርማሲ ለምሳ ስመለስ ከመቱ ወደ ጎሬ መውጫው ላይ ያለው አሮጌ ቤት ለመንገድ ፈርሶ አየሁ። ለእማዬ ለወሬ ያህል ነገርኳት። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «የቱ ቤት?» ባህር ዛፉ ሥር ያለው፣ አልኳት። ተነስታ ተኛች። ምን ነካት? እዚያ ሰው እንኳን የለንም...

ኅዳር 5
ጠየቅኳት። «ተዪኝ» ብቻ። ሥራ ላይ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለ።

ኅዳር 7
አላስችል አለኝ፤ ሄድኩ። የቤቱን ጎረቤት እትዬ ተጂቱን የማን ቤት እንደነበር ጠየቅኳቸው። አናጢው ጋሼ ጎንፋ በእጃቸው ሠርተውት፣ እሳቸውና ሚስታቸው ካለፉ ወዲህ ተከራይ ሲፈራረቅበት ኖሯል። ልጃቸው ጃለኔ ያዮ አግብታ ትኖራለች። ሌላም ልጅ ነበረች አሉኝ... በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ስትመጣ እናቷ መንገድ ላይ የሞተችባት። ጎንፋ ወስደው ከጃለኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ አሳደጓት።
ስሟን ጠየቅኩ።
«አልጣሽ። ነፍሷን ይማር።»
የእናቴ ስም። እናቴ ደግሞ ቤት ተቀምጣለች! ኡካ መንደር አክስቴ ዘንድ አደግኩ ስትለኝ አልነበር?

ኅዳር 8
የጋሼ ጎንፋን ስም ስጠራባት ዛሬ እማዬ አወራች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ደርግ ሲወድቅ ሰፋሪው ወደ አገሩ ይመለስ ጀመር፤ ወንድሟ አሊ መጥቶ ወሰዳት። ጎንፋና ሚስታቸው ቤት አልነበሩም። ሳትሰናበት መኪና ላይ ወጣች። ጅማ ላይ አሊ ታመመና ወረዱ፤ መኪናው ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ተመልሰው ኡካ፣ የወሎ ሰዎች ዘንድ ተጠጉ። መቱ ቅርብ አይደል እንዴ? ለምን አልሄድሽም? አልኳት።
«ጥያቸው ሄጄ በምን ፊት?»
እኔ ሥራ ይዤ መቱ ካመጣኋት ወዲህም በጎሬ መውጫው በኩል አታልፍም። አሁን ገባኝ።

ኅዳር 12
ፈቃድ ጠይቄ ያዮ ሄድኩ። ጃለኔ የተሰጣ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። የአልጣሽ ልጅ ነኝ አልኳት። እጇ ቆመ።
ለካ ያ መኪና ከጅማ ወዲያ ተገልብጦ ኖሯል። የተረፈ የለም ተብሎ መቱ ተሰማ። ድንኳን ተክለው ለቅሶ ተቀመጡ። አባቷ ብዙ ጊዜ መጋዝ አልያዙም። እየነገረችኝ ተናደደች።
«ኡካ? ኡካ ተቀምጣ ነው ያስለቀሰችን?»
እማዬ ዘንድ እንሂድ ብላት አልመጣም አለች። እማዬ እኮ መሞቷ መነገሩን አታውቅም... ልንገራት? ቢቀርስ?

ኅዳር 13
ነገርኳት። ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። እህል አልቀመሰችም። ምነው እግሬን በሰበረው...

ኅዳር 17
ከሥራ ለምሳ ስገባ ጃለኔ በራችን ላይ ቆማለች። ማንኳኳቱ ከብዷት። እማዬ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ጃለኔ ትከሻዋን ይዛ አየቻት፣ አየቻትና፣ «ሞተሽ ነበር እኮ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደያዘ አልለየሁም።
ከሰዓት ፍርስራሹ ጋ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ጓዳው በየት በኩል እንደነበር መስማማት አቅቷቸው እንደ ልጅ ተጨቃጨቁ። እኔን ረስተውኛል።

ኅዳር 20
እማዬ ከጃለኔ ጋር ያዮ ናት። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ጠዋት ደወለች። «አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርሽ ብላ በዚያው በኦሮምኛ ቀጠለች፤ ስለ ቡናው፣ ስለ ጃለኔ ልጆች... ከገበያ በቀር በኦሮምኛ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ከእኔ ጋርማ ጭራሽ። ልብ ያለችው አይመስለኝም።
እኔም በኦሮምኛ መለስኩላት።